ጋሼና ያልነበረው ውሻ

ጭንቅላቴ ከመኪና መስታወት ጋር የተጋጨው ከክርስትና ስንመለስ ነው። ሜልቦርን፣ ፊትዝሮይ በሚባለው ሰፈር፣ ከመንግሥት የኪራይ ፎቆች ሥር ባለ አዳራሽ በልተን ጠጥተን፣ ሕፃኑን "እደግ ተመንደግ" ብለን፣ እኔና እማዬ በጋሼ መኪና ወደ ሰፈራችን ሴንት አልባንስ እየተመለስን ነበር። በወጉ ቢሆን ፊት የምትቀመጠው እማዬ ነበረች። ግን ከድግሱ የተረፈውን ድፎ ዳቦ አቅፋ "እኔ ከኋላ ይሻለኛል፣ ይፈረፈርብኛል" ብላ እኔን ወደ ፊት ገፋችኝ።

ከአዳራሹ ወጥተን የመኪናውን በር ስዘጋ ትዝ ይለኛል። ቀጥሎ የማስታውሰው የአምቡላንስ ሰውየ በባትሪ ዓይኔ ውስጥ እያበራ ስሜን ሲጠይቀኝ ነው። በመካከል ያለው መንገድ ከራሴ ተቆርጦ ወጥቷል። ስለዚህ የገዛ አደጋዬን ታሪክ ከሌላ ሰው አፍ ከመስማት በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

ያ ሌላ ሰው ጋሼ ሆኑ። ለፖሊሱ እንዲህ አሉት፦ ውሻ ዘሎ ገባብኝ፣ ውሻውን ላድን መሪውን ጠመዘዝኩ፣ ከመብራት ምሰሶው ጋር ተላተምኩ። ፖሊሱ ጻፈ። እማዬ ዳቦዋን እንዳቀፈች አጠገባቸው ቆማ ነበር። እሷን የጠየቃት የለም። እንግሊዝኛዋ አጭር ነው፣ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ በዚያ ላይ ዳቦ ይዛለች። በዚህ አገር ዳቦ ያቀፈች አሮጊት ምስክር አትመስልም።

ጋሼ ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። በደብራችን ከቄሶቹ ቀጥሎ የሚከበሩ ሰው ናቸው። ሰው ሲታመም ቀድመው ይደርሳሉ፤ ለቅሶ ሲኖር ወንበር ጭነው የሚያመጡት እርሳቸው ናቸው። እኔና እማዬ እዚህ አገር በመጣን ጊዜ አከራዩ ፊት ቆመው "እኔ አለሁላቸው" ያሉት፣ ፍሪጃችንን በጀርባቸው ተሸክመው ደረጃ የወጡትም እርሳቸው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ፍትሐዊ ለመሆን ነው። ከዚህ በኋላ ፍትሐዊ ለመሆን ቃል አልገባም።

ሆስፒታል ጭንቅላቴን በማሽን አሳይተው "ምንም አልተሰበረም፣ ኮንከሽን ነው" አሉኝ። አንጎልሽ በሳጥኑ ውስጥ ተናውጧል ማለት ነው። ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ዕረፊ፣ ይሻልሻል። እኔም ሄድኩ፣ ዐረፍኩ፣ አልተሻለኝም። የሱፐርማርኬቱ መብራት እንደ መርፌ ይወጋኛል። እማዬ ማንኪያ ስታጥብ ጥርሴን ነክሼ ከክፍሉ እወጣለሁ። የምሠራው ሕፃናት መዋያ ነበር። ሕፃን የማይጮኽበት መዋያ እስኪፈጠር ድረስ ተመልሼ እንደማልገባ ሁለት ፈረቃ ሞክሬ ተረዳሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ቃሉ ነው። ግጥም የምጽፍ ሰው ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ባቡር ውስጥ ሰው ሲጨቃጨቅ እየሰማሁ፣ ቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። አሁን አንድ ገጽ ስገልጥ መስመሮቹ ይንሸራተታሉ። ስንኝ ስጀምር ቤት የሚመታው ቃል ሌላው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ እንደ ዘገየ አውቶቡስ ባዶውን ይመጣል። አንድ ቀን እማዬን "ያንን... ያንን የሚዛቅበትን አቀብይኝ" አልኳት። ማንኪያ ማለቴ ነበር።

ወገኖቼ ግን በሽታ የሚያውቁት በጀሶ ነው። ደም አለ? የለም። ጀሶ አለ? የለም። ጠባሳስ? እሱም የለም። እንግዲያውስ ልጅቷ ምን ሆነች? ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንዷ እትዬ ግንባሬን በሁለት ጣቷ ገፋ እያደረገች መረመረችኝ፣ ሐብሐብ የምትገዛ ይመስል።

"ምንም የለሽም እኮ የኔ ቆንጆ።"

"ውስጡ ነው እትዬ።"

"ውስጡማ የሁላችንም ታሟል። ጠበል ግቢ።"

ሌላዋ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ "ግጥም ብዙ ስታነብ ነው። ድሮም ዓይኗ ልክ አልነበረም" አለች።

ጠበቃ የፈለግኩት በዚህ መሀል ነው። የእኔው ጠበቃ ፎቶግራፉ አውቶቡስ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ነው። ፎቶው ላይ እጁን አጣምሮ፣ የሆነ ሰው ሊደበድብልን እንደተዘጋጀ ቆሟል። በአካል ሳገኘው፣ ኖርዝ ሜልቦርን፣ ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ፎቅ ላይ፣ አጭርና ጉንፋን የያዘው ልጅ ነው። እማዬን ይዤ ነበር የሄድኩት። ነገሩን በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ አስረዳን፣ ለእማዬ እኔ እየተረጎምኩ። ለሕክምናና ለቀረብኝ ደመወዝ የመንግሥት የአደጋ መድን ማንም ያጥፋ ማንም ይከፍላል። የሕይወቴ መበላሸት ካሳ እንዲታሰብልኝ፣ ክሌም የሚሉት የካሳ ጥያቄ እንዲጸና ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ጉዳቱ ከባድ መሆኑ። ሁለተኛ፣ አሽከርካሪው ማጥፋቱ።

"ሾፌሩ ውሻ ነው ብሏል" አለና አፍንጫውን ጠረገ። "በድንገት ለገባ ውሻ ተጠያቂ ሰው የለም። አንቺ ደግሞ አታስታውሺም። ሌላ ያየ ሰው አለ?"

ወደ እማዬ ዞርኩ። እማዬ የጫማዋን ጫፍ እያየች ነበር። እናቴን አውቃታለሁ። ያላየች ሰው ቀና ብላ "አላየሁም" ትላለች።

ጉዳቱ ከባድ መሆኑን የሚለካው ደግሞ መድኑ የመረጠው ሐኪም ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሠራሽ አበባ አለ፤ ሰውየውም አበባው ከተገዛበት ሱቅ የተገዛ ይመስላል። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪ አለኝ። በደህና ጊዜዬም ሂሳብ ጠላቴ ነው። ጥቂት ቃላት ነግሮኝ ቆይቶ ድገሚያቸው አለኝ። አንዱን ብቻ ደገምኩ። ኋላ በሪፖርቱ ላይ ንጹሕ እንደለበስኩ፣ በሰዓቱ እንደመጣሁ፣ ትሑት እንደሆንኩ አስፍሯል። እናቴ በሥነ ሥርዓት ስላሳደገችኝ አንጎሌ ጤነኛ ተባለ። ፀጉሬን ሳላበጥር፣ አርፍጄ፣ እየተሳደብኩ ብገባ ኖሮ ከባድ ጉዳተኛ በሆንኩ። ጠበቃዬ ግን ሪፖርቱን በሌላ ሐኪም እንሟገተዋለን፣ ምስክር ብቻ ይገኝ አለ።

ጠበቃ መያዜ ግን ከእኔ ቀድሞ ደብሩ ደረሰ። ቅዳሜ ቀትር ላይ በራችን ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ነጠላቸውን በወፍራም የክረምት ጃኬት ላይ ደርበዋል። እማዬ "ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ" አለች።

"አንቀመጥም" አሉ ታላቁ። በጡረታ የወጡ የባቡር ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ በሽምግልና ግን ከእርሳቸው በላይ የለም። "የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም።"

"ምን ይሆን የመጣችሁበት?" አለች እማዬ፣ እያወቀች።

"በደለኛ ይዘን መጥተናል። ውጭ ቆሟል።"

በሩን ከፈትኩ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ቆመዋል፤ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል።

ወጉን ለማታውቁ፦ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይቆማል። ተበዳዩ ልቡ ሲራራ "አውርዱለት" ይላል፣ ይቅርታው ያኔ ይጸናል። ታላቅ ወግ ነው፣ አልቀልድበትም። የምቀልደው በድንጋዩ ነው። በዚህ አገር ድንጋይ ከሜዳ አይነሳም፤ የሰው ንብረት ነው። ስለዚህ የጋሼ ድንጋይ ከግንባታ ዕቃ መደብር የተገዛ፣ አራት ማዕዘን፣ ለጓሮ መንገድ የሚነጠፍ ሲሚንቶ ነው። የዋጋ ተለጣፊው ገና አልተላጠም። ሰውየው ንስሐቸውን ካልተስማማን የሚመልሱት ይመስል ነበር።

"ልጃችን" አሉ ታላቁ ሽማግሌ፣ "ለእግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይ።"

"ለምኑ ነው ይቅር የምለው?" አልኩ።

ሁለተኛው ሽማግሌ "ኧረ ልጄ፣ ይቅርታ እንዲህ አይመረመርም" አሉ።

"ጋሼ ውሻ ነው ያሉት። ያጠፋው ውሻው ከሆነ ድንጋዩን እሱ ይሸከም እንጂ እርስዎ ምን ቤት ነዎት?"

"አንቺ!" አለች እማዬ።

"ተያት፣ ተያት" አሉ ታላቁ። ሽማግሌነታቸው እዚህ ላይ ታየ፤ ወጉን ያውቁታል። "እውነቷን ነው። በደለኛ በደሉን በአፉ ይናገራል። ተናገር።"

ጋሼ ቀና ለማለት ሞከሩ፣ ሲሚንቶው አላስቻላቸውም። ለምንጣፋችን ነበር የሚናገሩት። "ስልክ... ስልክ እያየሁ ነበር። የክርስትናውን ቪዲዮ ለማኅበሩ ልልክ። አንዴ ነው ዝቅ ያልኩት። ቀና ስል ምሰሶው ፊቴ ነው።"

እንግዲህ ያ ሁሉ በአንጎሌ ላይ የደረሰው ለዚህ ነው፤ አንድ ሕፃን ጠበል ሲረጭበት ሲያለቅስ የሚያሳይ ቪዲዮ ለማኅበርተኛው በጊዜ እንዲደርስ። ለመሳቅ ፈለግኩ። ስስቅ ግን ራሴን ያመኛል። እማዬን አየኋት፤ አልደነገጠችም። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ራሷን ነቀነቀች፣ የምታውቀውን ታሪክ እንደምትሰማ ሰው።

"አውርዱላቸው" አልኩ።

ከልቤ ነው ያልኩት። ሰውየው አንገታቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ድንጋዩ ወረደ፣ "እሰይ" ተባለ፣ ሁሉም ተቀመጡ፣ እማዬ ሻይ አመጣች፣ ጋሼ ጉልበቴን ስመው አለቀሱ። ታላቁ ሽማግሌም ሻዩን ፉት ብለው እንዲህ አሉ።

"በይ እንግዲህ አበቃ። ሰኞ ለጠበቃሽ ውሻ ነበር ብለሽ ክሌሙን አንሺ።"

"ምን?"

"ድንጋዩ ወርዷል እኮ ልጄ።"

"አሁን በአፋቸው ስልክ ነው አሉ!"

"ለአንቺ ነው ያሉት። ለእግዚአብሔርና ለአንቺ። ለፈረንጅ አላሉም።"

የገባኝ ያኔ ነው። ለእነርሱ ይቅርታ ማለት በደሉ ተነግሮ፣ ተለቅሶለት፣ ከዚያ ያልነበረ መሆኑ ነው። ስልኩ ለአንድ ሻይ ያህል ኖሮ ሞተ፣ ውሻው ወደ ሕይወት ተመለሰ።

ለማስረዳት ሞከርኩ። ጋሼ ከኪሳቸው ምንም አይወጣም፣ ማንም ቤታቸውን አይነካም፤ ባለ መኪና ሁሉ በየዓመቱ ምዝገባ ሲያድስ ለመድኑ ይከፍላል፣ የሚከፍለው መድኑ ነው። ሦስቱም በትዕግሥት ሰሙኝ፣ ተረት እንደሚያወራ ሕፃን።

"የኔ ልጅ" አሉ ታላቁ፣ "መንግሥት ከፍሎ ዝም የሚል ይመስልሻል? ዛሬ ለአንቺ ይሰጣል፣ ነገ ከእርሱ ይቀበላል። እኛ መንግሥት እናውቃለን።"

የሚያውቁት መንግሥት ምን ዓይነት እንደነበር እኔም ከእማዬ ሰምቻለሁ። ግን ያ መንግሥት ሌላ፣ ይህ መንግሥት ሌላ። ያንን ፈርተው ከሸሹ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ሲያርፉ እንኳ በአንድ ዓይናቸው ያዩታል፤ እኔ ደግሞ በእነርሱ ፍርሃት አንጎሌን ልገብር ነው። የሰሙትን ለጠበቃው ይመሰክሩልኝ እንደሆን ስጠይቅ በሩ ላይ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር።

"በሽምግልና የተባለ ከሽምግልና አይወጣም" አሉ ታላቁ። ሲሚንቶውን ትተውልን ሄዱ።

የቀረችኝ እማዬ ብቻ ናት።

"አይተሻል?" አልኳት።

"ከኋላ ነበርኩ።"

"ከኋላ ነው የሚታየው። በሁለቱ ወንበር መሀል።"

"ፍሪጃችንን ማን ተሸከመው?"

"እና ለፍሪጅ ጭንቅላት እንለውጥ?"

"አፍሽ እንደሆነ አልታመመም" አለችና ቲቪውን ከፈተች። ድምፁን ግን ዘጋችው፣ ለእኔ ብላ። እንዲህ ናት እማዬ፤ ስትጣላሽም ድምፅ ትቀንስልሻለች።

ብዙ ሰንበት እንዲህ ከረምን። ጠበቃው ይደውላል፣ "እናትሽስ?" ይላል፣ እኔ "ታስባለች" እላለሁ። እማዬ ታጥባለች፣ ትጸልያለች፣ ዝም ትላለች። ዝምታዋ የሚያስከብራት ይመስላት ነበር፤ ጋሼን አላጋለጠችም፣ እኔንም አልካደችም። እንደዚህ ያለ መሀል መንገድ የለም ብዬ ብጮኽ ደስ ባለኝ፣ መጮኽ ግን አልችልም።

ውሻው በዚህ መሀል አደገ። መጀመሪያ "ውሻ" ብቻ ነበር። ቀጥሎ "ትልቅ ጥቁር ውሻ" ሆነ። ሰንሰለት አወጣ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ አዲስ ለመጡ ተማሪዎች የዚህን አገር መንገድ ክፋት ሲያስረዱ ጥጃ አክሏል። ተማሪዎቹ አፋቸውን ከፍተዋል። ከመሀላቸው አንዱ፣ ብልጥ ቢጤ፣ "ካንጋሮ ይሆን እንዴ ጋሼ?" አለ።

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። "እሱም አይቀርም" አሉ።

ሰው ሳቀ። ጋሼም አብረው ሳቁ፤ ታሪኩ ሲጥማቸው የሚያደርጉትን አደረጉ፣ ምስክር ጠሩ። ሻይ ወደምትቀዳው እማዬ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "እህቴን ጠይቋት፣ ከኋላ ነበረች። ዓይኗ አይቶታል። አይደል እህቴ?" አሉ።

እማዬ ቴርሞሱን እንደያዘች ቆመች። ሁሉም ያያታል። "ሻይ ያልደረሰው ማን ነው?" አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ስታይ ቆየችና፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ጠበቃሽን ቀጠሮ አስይዢልኝ" አለች።

"ምን ተገኘ?"

"ዝም ባልኩ ያላየሁትን አሳዩኝ። ይቅር ማለት ሌላ ነው። እኔ ካንጋሮ አላየሁም።"

ጠበቃው አስተርጓሚ በስልክ አቀረበ። የአስተርጓሚዋ ድምፅ የወጣት ሴት ነው፤ ምናልባት ከደብራችን ናት፣ ምናልባት የጋሼ ዘመድ ናት። እማዬ ይህን እያሰበች ለስልኩ ጮክ ብላ ተናገረች፣ ለቀበሌ ስብሰባ እንደምትናገር።

"ውሻ አላየሁም። ፊት ለፊት መንገዱ ባዶ ነበር። በግራ እጃቸው ስልክ ይዘው ነበር። ሕፃኑ ሲያለቅስ ከስልኩ ይሰማኝ ነበር። 'ጋሼ' ልላቸው አፌን ስከፍት ተጋጨን። ይኸው ነው።"

ጠበቃው ሲተይብ ጣቶቹ ሲፋጠኑ አየሁ። ጉንፋኑ የዳነ መሰለ። አትሞ አመጣው፣ አስተርጓሚዋ መልሳ አነበበችላት፣ እስክሪብቶ ሰጣት። እማዬ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ደግ ሰው ናቸው የሚለው የታል?"

"ይቅርታ?" አለ ጠበቃው በአስተርጓሚዋ በኩል።

"ደግ ሰው ናቸው። ፍሪጃችንን ተሸክመዋል። ሲያጠፉ ያየሁ ሲያለሙም አይቻለሁ። እሱም ይግባ።"

ጠበቃው ለጉዳዩ እንደማያስፈልግ አስረዳ። እንዲያውም እንደሚጎዳን አስረዳ፤ ምስክሯ ለሾፌሩ የምታዝን ትመስላለች አለ።

"አዝንላቸዋለሁ እኮ" አለች እማዬ።

"እማዬ፣ የእኔ ክሌም ነው!" አልኩ። ራሴ መምታት ጀምሮ ነበር።

"ክሌሙ ያንቺ ነው። አፉ የኔ ነው።"

ጠበቃው እንደገና ተየበ። የማልወደው ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ ገባ፤ ሾፌሩ ቤተሰባችንን የረዳ ደግ ሰው መሆኑን ታምናለች። እማዬ ከሥሩ ፈረመች፣ ቀስ እያለች፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠች። ጉዳዩ ገና ብዙ ይጓዛል፣ መድኑም በቀላሉ አይለቅም አለን ጠበቃው። ይህን ሲል ፈገግታው የአውቶቡሱን ጀርባ መሰለ።

ባቡር ጣቢያው መድረክ ላይ ቆመን እማዬ ስልኳን አወጣች።

"ለማን ነው?"

እጇን አውለበለበችብኝ፣ ዝም በይ ለማለት።

"ሄሎ? ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ... ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ... ጋሼ፣ ከሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ነው የደወልኩ። ያየሁትን ለጠበቃው ተናግሬያለሁ። ... አዎ። ስልኩን። ... አይ፣ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። ... ይቅርታውማ እንዳለ ነው፣ ማን አፈረሰው? ... ደግ ሰው መሆንዎንም አስጽፌያለሁ።"

ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ድምፃቸው ከጆሮዋ ሾልኮ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይም፤ ከፍ ይላል፣ ይለምናል፣ ይሰበራል። እማዬ ፊቷ አልተለወጠም። መጨረሻ ላይ "እሺ። እሑድ እንገናኛለን" ብላ ዘጋችው።

"ምን አሉ?"

"ምን ይላሉ። 'እንግዲህ ሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ' አሉ።"

"አንቺስ?"

"ሰማሽኝ እኮ። እሑድ እንገናኛለን አልኳቸው" አለችና፣ የምንቆምበት ጥላ ያለው ቦታ ፍለጋ ወደ መድረኩ ጫፍ ሄደች።